የክራር መምቻ ከገበያ ሲጠፋ

ስለ ክራር ሲወራ የሚነሣው የድምፅ ሳጥኑ፣ የተወጠረበት ቆዳ፣ ክሩና ቅኝቱ ነው። ክሩን የሚነካው መምቻ ስሙ አይነሣም። ቢጠፋም የሚደነግጥ የለም፤ አንድ የፕላስቲክ ቁራጭ ይተካዋል ተብሎ ይታለፋል። እኔ በመምቻ እጦት ክራሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ወራት ያሳለፍሁ ሰው ስለሆንሁ እንዲህ ብዬ ማለፍ አልችልም። ጥሩ መምቻ ከእጅ ሲወጣ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። ደግነቱ መተኪያው በሩቅ አገር ፋብሪካ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በእኛ አካባቢ፣ ጋይንትም፣ ስማዳም፣ እስቴም በየሥጋ ቤቱ ጓሮ ተጥሎ ይገኛል።

ተወልጄ ያደግሁት ስማዳ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። አሁን የማስተምረው ላይ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ነው። ልጅ ሳለሁ ገብስ ስናጭድ ማጭድ ቀኝ እጄን መታኝና የሌባ ጣቴ ጅማት ተቆረጠ። ቁስሉ ድኗል፤ ጣቱ ግን እንደ ልብ አይታጠፍም። ጠመኔውን በመሃል ጣቴ አስደግፌ እጽፋለሁ፤ እርፍም ጨብጬ አርሻለሁ። ክራር ግን እንዲህ በቀላሉ እሺ አላለኝም።

ክራር በሁለት መንገድ ይመታል። አንደኛው ድርድር ነው፤ ጣቶች ክሮቹን አንድ በአንድ እየነኩ ዜማውን ያወጣሉ። ሁለተኛው ግርፍ ነው፤ ቀኝ እጅ መምቻ ይዞ አምስቱን ወይም ስድስቱን ክሮች በአንድ ጊዜ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከወዲያ በኩል ሆነው የማይፈለጉትን ክሮች እየነኩ ዝም ያሰኟቸዋል። ጣት ያልነካው ክር ብቻ ይጮኻል። ሠርግ ቤት ጭብጨባውና እልልታው ሲደራ ክራሩን ከሰው ድምፅ በላይ የሚያሰማው ግርፉ ነው። ግርፍ ደግሞ ያለ መምቻ አይሆንም። በጥፍር ሲመቱት ጥፍር ይላጣል፤ በጣት ሥጋ ሲመቱት ድምፁ ይደፈናል። መምቻውን ቆንጥጦ ለመያዝ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መገናኘት አለባቸው። የእኔዎቹ አይገናኙም።

መፍትሔ ያገኘልኝ አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው። እዚያ ጊታርና ባንጆ የሚጫወቱ ሰዎች አውራ ጣት ላይ የሚጠለቅ መምቻ አላቸው። ቀለበቱ ጣቱን አቅፎ ይይዛል፤ ከጎኑ የወጣው ምላስ ክሩን ይመታል። እጅ ምንም ነገር መጨበጥ አያስፈልገውም። መርል ትራቪስና ቼት አትኪንስ የተባሉት ስመ ጥር የጊታር ተጫዋቾች በዚህ ዓይነት መምቻ ነበር የሚጫወቱት። የአክስቴ ልጅ የላከልኝ ደግሞ ከአንድ ወጥ ፕላስቲክ የተቆረጠ ሳይሆን ስስ ሉሆች ተነባብረው፣ ተጣብቀው የተሠራ ነበር። የንብርብሩን ጥቅም ለማወቅ አናጺ ቤት ያለውን ኮምፔርሳቶ ማየት ይበቃል፤ ስስ ሉሆች ተደራርበው ሲጣበቁ እኩል ውፍረት ካለው ወጥ ጣውላ ይልቅ መሰንጠቅን ይቋቋማሉ። በመምቻውም ላይ ውጪ ያለው ጠንካራ ሉህ ክሩን አጥርቶ ይመታል፤ ውስጥ ያለው ለስላሳ ሉህ እየተለመጠ ቀለበቱ ሲከፈትና ሲዘጋ እንዳይሰበር ያደርገዋል። ያን መምቻ ጣቴ ላይ ባጠለቅሁ ጊዜ ከልጅነቴ ጀምሮ በሩቁ የሰማሁትን ግርፍ በገዛ እጄ ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣሁ።

መምቻው ተበልቶ ሲያልቅ ሌላ እንዲልክልኝ ለመንሁት። የመጣው መልስ ሠሪዎቹ ያን ዓይነት ማምረት አቁመዋል የሚል ነበር። ከመደብር መደብር ዞሮ የተረፈ አላገኘም። በምትኩ ወጡን ፕላስቲክ ላከልኝ። የሱ ቀለበት ጣቴን ያንቃል፣ ምላሱ ወፍራም ነው፣ የናይለኑን ክር ሲመታም ከዜማው ቀድሞ የፕላስቲኩ ኳኳታ ይሰማል።

የመምቻ ታሪክ ከጥንትም በእንዲህ ያለ መቋረጥ የተሞላ ነው። በምዕራቡ ዓለም ለረጅም ዘመን ምርጥ የሚባለው መምቻ የሚሠራው ከባሕር ኤሊ ልባስ ነበር። ሴሉሎይድ የተባለው ቀደምት ፕላስቲክ ሲመጣ ኤሊውን መተካት ጀመረ። ጆን ዌስሊ ሃያት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1870 የፈጠራ መብት ያወጣበት ቁስ ነው። ሉዊጂ ዳንድሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1922 ኒው ዮርክ ውስጥ ከሴሉሎይድ ሉህ መምቻ እየቆረጠ መሸጥ ጀመረ። ሴሉሎይድ ድምፁ ያማረ ነው፤ ነገር ግን እሳት ቶሎ ስለሚይዘው ሲኒማውን ጨምሮ ብዙ ሥራዎች ትተውታል። እ.ኤ.አ. በ1973 ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው፣ ሳይተስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትን ንግድ መቆጣጠር ሲጀምር የኤሊው ልባስ በር ተዘጋ። መዘጋቱም ተገቢ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ደንሎፕ የተባለው ኩባንያ የኤሊውን ልባስ እንዲተካ ብሎ ቶርቴክስ የሚባለውን መምቻ አወጣ።

አንድ ቁስ በመጣ ቁጥር አንድ ትውልድ እጁን ከእሱ ጋር ያስማማል፤ ሲቋረጥ ያ እጅ እንደገና ይማራል። ፋብሪካ የሚያየው የገዢውን ብዛት ስለሆነ በቅድሚያ የሚቋረጠው ለጥቂት ሰዎች የሚመረተው ዕቃ ነው። እንደ እኔ ያለ፣ ንፋስ መውጫ ላይ ተቀምጦ በተጎዳ ጣት ክራር የሚመታ ሰው በዚያ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ቁሱን ለይቶ ማወቅ የራሴ ሥራ ሆነ።

የኤሊው ልባስ ኬራቲን ከሚባል ቁስ የተሠራ ነው። የእኛ ጥፍርና ፀጉርም ያው ነው፤ የበሬ ቀንድም እንዲሁ። ቀንድ አጥንት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አጥንቱ ውስጥ ያለው እምብርት ብቻ ነው፤ ከላይ የሸፈነው ልባስ ግን በንብርብር ላይ ንብርብር እየጨመረ የሚያድግ ኬራቲን ነው። ያ ፋብሪካ በሙጫ ያነባበረውን በሬው ከጥጃነቱ ጀምሮ ሲያነባብር ኖሯል ማለት ነው።

በቀንድ መምታት ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም። በገና ደርዳሪዎች አሥሩን አውታር የሚመቱበትን ድኅንጻ ከቀንድ ወይም ከእንጨት ያበጁ ነበር። በጣታቸው የሚደረድሩም አሉ፤ በድኅንጻ የሚገርፉም አሉ። የእኛ አገር ደግሞ የዜማ ባለቤት እንጂ ለዜማ እንግዳ አይደለም። የድጓው ቤት ቤተልሔም ጋይንት ነው፤ ቆማ ፋሲለደስ እስቴ ነው፤ ሁለቱም የየራሳቸው የዜማ ስልት የወጣባቸው ጉባኤ ቤቶች ናቸው። በእነዚህ አድባራት የተማረ ደብተራ ብዕሩን ከመቃ ራሱ ይቀርጻል፤ ብራናውን ከፍየል ቆዳ ራሱ ይፍቃል፤ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል። መሣሪያን ከአካባቢው ማበጀት የዚህ ምድር ልማድ ነው።

ቀንድ የሚገራ ሰው ፍለጋ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ወረድሁ። ድሮ የጠጅና የጠላ ዋንጫ ከቀንድ ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት አሉ ብለውኝ ነበር። ብርጭቆውና ፕላስቲኩ ገበያውን ከወሰደው ወዲህ ሥራውን ትተውታል። ጉዳዬን ስነግራቸው ቀኝ እጄን ይዘው ጣቴን አገላብጠው አዩት።

«አባቴ፣ ቀንድ እንዴት ነው የሚታጠፈው?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ቀንድ ሲሞቅ ይታዘዛል፤ ሲቀዘቅዝ ያስያዝኸውን ይዞ ይቀራል» አሉኝ። «ብቻ ከጭረቱ አትጣላ። ጭረቱን አቋርጠህ ከቆረጥኸው የትም አያደርስህም።»

የሥራው ሁሉ ቁልፍ ይኸው ነው። የቀንድ ጭረት ከግርጌው ወደ ጫፉ ይሄዳል። የመምቻው ምላስ በጭረቱ ርዝመት ከተቆረጠ ይለመጣል፤ በአግድም ከተቆረጠ በመጀመሪያው ግርፍ ይሰበራል። የቀንዱ ጫፍ ድፍን ነው፤ ለማኅተምና ለእጀታ ይሆናል። ለመምቻ የሚሆነው ክፍት የሆነው የመሃልና የግርጌው ክፍል ነው፤ ስስና ሰፊ ሉህ የሚወጣው ከዚያ ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቀንዱ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ወይም ሲቀቀል አጥንቱ ከልባሱ ይላቀቃል። ሽታው ከባድ ስለሆነ ከቤት ውጪ ነው የሚቀቀለው። ልባሱ በመጋዝ በርዝመቱ ይሰነጠቃል፤ ከሚፈላ ውሃ ሲወጣ በጓንት ተይዞ ቶሎ ይዘረጋል፤ በሁለት ብረቶች መሃል ገብቶ በሞርሳ ይጠበቃል፤ ሞርሳ ከሌለ ከባድ ድንጋይ ይጫንበታል። በደንብ እስኪቀዘቅዝ መንካት የለም። ከዚያ በሞረድ ይስተካከላል፤ በጠርሙስ ስባሪ ይፋቃል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ በመጨረሻም በአመድና በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ጥሩ የተወለወለ ቀንድ ብርሃን ያሳልፋል። ብርሃኑ ላይ አስጠግታችሁ ስታዩት ስንጥቅ ካለበት ያን ጊዜ ይታያል።

ከአንድ ሉህ ብቻ የተሠራ ቀለበት ግን ጣት ላይ ደጋግሞ ሲከፈት በጊዜ ብዛት በንብርብሩ መሃል መላቀቅ ይጀምራል። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው መምቻዬ አሠራር ተመለስሁ። ሁለት ስስ የቀንድ ሉሆች ወስጄ በመሃላቸው የፍየል ብራና ቁራጭ አስገባሁ። ቀንዱ የመምቻውን ጥራት ይሰጣል፤ ብራናው መሰንጠቁን ይገታል። የተለመደው የቆዳ ሙጫ ላብና እርጥበት ያላቅቀዋል፤ ቶሎ የሚደርቀው የቱቦ ሙጫ ደግሞ ሲደርቅ ተሰባሪ ነው። የያዘልኝ ሁለቱ ቱቦ እኩል ተቀላቅሎ የሚቀባው ኢፖክሲ ነው። ከመቀባቱ በፊት የቀንዱን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ማሻከርና ቅባቱን በአልኮል ማስለቀቅ ያስፈልጋል፤ ለስላሳና ቅባት ያለው ገጽ ሙጫ አይቀበልም። ሉሆቹ አስቀድመው በሙቀት፣ በአውራ ጣት ልክ በተቀረጸ እንጨት ላይ ተጠቅልለው ይታጠፋሉ፤ ሙጫው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ እስኪደርቅ ድረስም በእንጨቱ ላይ በክር ታስሮ ይቆያል። ሲያልቅ ጠርዙ በሰም ይታሻል፤ ውሃ ብራናው ውስጥ እንዳይገባ።

የምላሱ ውፍረት ጫፉ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን ለናይለን ክር ይስማማል። የብረት ክር ያለው ክራር ትንሽ ወፈር ያለ ይፈልጋል። ክብ ጫፍ ለዘብ ያለ ድምፅ ያወጣል፤ ለትዝታ ደስ ይላል። ሹል ጫፍ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ለሠርግ ቤት ጭፈራ ይሆናል። ቀለበቱን ደግሞ ከአገሩ አየር ጋር ማስማማት ያሻል። ንፋስ መውጫ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ከጉና ተራራ በኩል ብርዱ ሲመጣ ጣት ይኮማተራል፤ ወደ ስማዳ ቆላ፣ ወደ በሽሎ ወንዝ በኩል ሲወረድ ጣት ያብጣል። ስለዚህ ቀለበቱን ዙሪያውን አልዘጋውም፤ ጫፎቹ ሳይገናኙ ክፍት ይቀራሉ፤ ሲሰፋም ሲጠብም ጣቱን ይከተላል።

ቀንድ መሥራት የማይመቸው ሰው ሌላም መንገድ አለው። ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ራሱ የተነባበሩ የፕላስቲክ ሉሆች ውጤት ነው፤ ውፍረቱም በዓለም አቀፍ ደረጃ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩና ቺፑ ያለበት ክፍል ተቆራርጦ ይጣልና ባዶው ቦታ ለተራ መምቻ ይሆናል። ለአውራ ጣት ቀለበት ደግሞ ቀጭን የውሃ ቧንቧ ፕላስቲክ በጣም በሞቀ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይለሰልስና እንደ ጣት ልክ ይታጠፋል። በእሳት ላይ ግን አትያዙት፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ለሳንባ መርዝ ነው። የጀሪካን ፕላስቲክ ለንብርብር አይሆንም፤ ኢፖክሲ አይይዘውም፤ ድምፁም የታፈነ ነው። ቀለበቱን ከጠፍር ሰፍቶ የቀንድ ምላስ ማሰርም ይቻላል፤ ለሕፃናት ጣት የሚመቸው ይህኛው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አባ ሰንጋ በአካባቢያችን የሚታወቅ በሽታ ነው፤ በሽታው የገደለው እንስሳ ቀንድና ቆዳ ተሕዋሲውን ለዓመታት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ተራ መቀቀልም ሁልጊዜ አይገድለውም። ስለዚህ ሜዳ ላይ ወድቆ የተገኘ ወይም ሞቶ ከተገኘ ከብት የተወሰደ ቀንድ በፍጹም አይነካም። ቀንድ መወሰድ ያለበት በጤና ባለሙያ ተመርምሮ ከታረደ በሬ ነው። ሲፋቅም አፍና አፍንጫ ይሸፈናል፤ የቀንድ ብናኝ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም።

አሁን ከንፋስ መውጫ ሥጋ ቤቶች ቀንድ ስጠይቅ በነፃ ይሰጡኛል፤ ለእነሱ ቆሻሻ ነው። የትምህርት ቤታችን የባህል ክበብ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ መምቻ እየሠሩ ነው። ክራር ገና ያልያዘ ልጅ እንኳ መምቻ ሲያበጅ ስለ ክሩ፣ ስለ ግርፉና ስለ ቅኝቱ መጠየቅ ይጀምራል። መሥራት መምታትን ይጠራል። አርብ ገበያ ያሉት አባት የመጀመሪያውን ሥራዬን አይተው ጠርዙ ላይ ያልለሰለሰውን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ፤ የተዉት ሙያ እንዳልጠፋባቸው በዚያች አንዲት ምልክት አወቅሁ። እንደ እሳቸው ያሉ ቀንድ ሠሪዎች ሲያልፉ እውቀታቸውም አብሮ ያልፋል፤ ይህ የሚያሳዝነኝን ያህል ሌላ ምንም አያሳዝነኝም።

ለክራርና ለበገና መምህራን የማቀርበው ጥያቄ አለኝ፤ በአዲስ አበባው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱም፣ በየወረዳው የባህል ቡድንም ላላችሁ። ተማሪው ቅኝት ሲማር መምቻውን መሥራትም ይማር። በየአካባቢው ያሉ ቀንድ ሠሪዎች በሕይወት ሳሉ ተፈልገው ይጠየቁ፤ የሚሉት ይጻፍ። በእጃችሁ የሚወደድ መምቻ ያላችሁ ተጫዋቾች ደግሞ እስኪሰበር አትጠብቁ። ዛሬውኑ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ፤ ውፍረቱን፣ ርዝመቱንና ቁሱን ጻፉበት፤ ለሌላ ሰውም አንድ ቅጂ ስጡ። ልኩ የተመዘገበ መምቻ በየትኛውም ጊዜ እንደገና ይሠራል።